«አለቀ» ስትሉን ምኑ ነው ያለቀው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ። ጋዜጣችሁን በየሳምንቱ አነባለሁ። እውነቱን ለመናገር የምገዛው እኔ አይደለሁም። የሚገዙት የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ናቸው፤ እሳቸው ስፖርቱን ጨርሰው፣ የሥራ ማስታወቂያውን ለልጃቸው ቀደው ሲያበቁ የቀረው ለእኔ ይደርሰኛል። ስለዚህ እንደ ደንበኛ መቆጣት አልችልም። እንደ አንባቢ ግን አንድ ቅሬታ አለኝና እሱን ልተንፍስ።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት የመዝናኛ ገጻችሁ ላይ ጊዜ ለሌለው ሰው የሚሆኑ አጫጭር አኒሜዎች (የጃፓን ካርቱኖች ማለት ነው) ብላችሁ ስድስት አርእስት ደርድራችሁ ነበር። ከእያንዳንዱ ጎን የክፍሉ ብዛት ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም። እኔም ጊዜ የሌለኝ ሰው ነኝና ደስ አለኝ። የመጀመሪያውን «ኖ ጌም ኖ ላይፍ»ን አስጫንኩ። 12 ክፍል። በሦስት ቀን ጨረስኩት። በአራተኛው ቀን ታክሲ ውስጥ ስልኬን ከላይ እስከ ታች እየጎረጎርኩ 13ኛውን ስፈልግ ያየኝ ሰው ገንዘብ የተላከላት መስዬው ይሆናል። የለም። ከ2014 ጀምሮ የለም! (ነገሩ የጃፓን ስለሆነ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ታሪኩ ገና መሟሟቅ ሲጀምር ቀጥ። 2017 ላይ አንድ ፊልም ወጥቶለታል፤ እሱ ደግሞ ወደፊት በመሄድ ፈንታ ስድስት ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ የድሮ ጦርነት ያወራል። እኔ የምጠብቀው የነገውን፣ እነሱ የሚነግሩኝ የቅድመ አያቶቻቸውን!

ቁጥሩን አልተሳሳታችሁም። 12 ነው፣ ልክ ነው። ግን 12 ምኑ?

ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ እንድትረዱልኝ ስለ መንገዴ ትንሽ ልንገራችሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የምሠራው ሳሪስ። ሰፈራችንን ለማታውቁት፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ነው። መኪና ያለው ከከተማ ለመውጣት ያልፍበታል፣ መኪና የሌለው ወደ ከተማ ለመግባት ይሰለፍበታል። እኔ ከ12 ሰዓት ከሩብ ጀምሮ ሰልፍ ላይ ነኝ። ሰልፍ ላይ ስልክ አላወጣም፣ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ገብቼ ስቀመጥ ነው የማወጣው፤ መስኮት ጋ ከደረሰኝ ደግሞ መስኮቱን ዘግቼ፣ ረዳቱ «ክፈቺው እንጂ እህት፣ ሰው ታፈነ» እስኪለኝ ድረስ።

አንድ የአኒሜ ክፍል 24 ደቂቃ ገደማ ነው። የመግቢያው ዘፈን አንድ ደቂቃ ተኩል፣ የመውጫውም አንድ ደቂቃ ተኩል። ሁለቱን ስዘላቸው 21 ይቀረኛል። ቃሊቲ ላይ ካልተዘጋጋ ስሄድ ሁለት ክፍል፣ ስመለስ ሁለት ክፍል። በቀን አራት ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ 12 ክፍል ሦስት የሥራ ቀን ነው፣ 26 ክፍል ስድስት ቀን ተኩል። «ናሩቶ» የመጀመሪያው 220፣ «ሺፑደን» የሚባለው ቀጣዩ 500፣ ድምሩ 720፤ ይህ 180 የሥራ ቀን ነው፣ ያለ በዓል፣ ያለ ሕመም ፈቃድ። «ዋን ፒስ» ከ1999 ጀምሮ እየወጣ ከ1100 አልፏል። 275 ቀን። በዚህ ጊዜ ውስጥ ልጅ ተረግዞ ይወለዳል። ታዲያ እንዲህ በጣት ለምቆጥር ሰው ርዝመት ቀልድ አይደለም፣ እናንተም ርዝመቱን መጻፋችሁ ጥሩ ነው። ግን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ካልተነገረ ቁጥሩ ራሱ ያታልላል።

ከየት ነው የሚመጣው? ጃፓን ውስጥ የቴሌቪዥን ዓመት በአራት ይከፈላል። ጃንዋሪ፣ ኤፕሪል፣ ጁላይ፣ ኦክቶበር ላይ አዳዲስ ፕሮግራም ይጀምራል። እያንዳንዱ ሩብ 13 ሳምንት ገደማ ስለሆነ በሳምንት አንድ እየታየ 12 ወይም 13 ክፍል ይወጣዋል፤ ይሄንን ሩብ «ኩር» ይሉታል። ሁለት ኩር ሲሆን 24፣ 25 ወይም 26። በቃ። ያቺ 12 የምትባል ቁጥር የመጣችው ከጣቢያው ሰሌዳ ነው።

ጨዋታው የሚለየው ከዚህ በኋላ ነው። ኦሪጂናል የሚባለው፣ ማለትም መጀመሪያውኑ ለአኒሜ ተብሎ የተጻፈው፣ ደራሲው ገና ሲነሳ «12 አለህ» ተብሎ ነው የሚጀምረው። እንደ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ጨርቁን ለክቶ ይቆርጣል። ከማንጋ፣ ማለትም ከጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ፣ ወይም ከልብወለድ የተወሰደው ግን ልብሱ ድሮ ተሰፍቶ ያለቀ ነው፣ ያውም ለግዙፍ ሰው፤ ያንን ነው በ12 ክፍል ሻንጣ ውስጥ ክተቱ የሚባሉት። የገባው ይገባል፣ እጅጌው ውጭ ይቀራል። እኔ 13ኛው ክፍል ብዬ የፈለግኩት ያንን እጅጌ ነው።

የኦሪጂናሉን ምሳሌ ልስጣችሁ። «ማዶካ ማጊካ» 2011 ላይ የወጣ ነው፣ 12 ክፍል፣ ለቴሌቪዥን ተብሎ የተጻፈ። በነገራችን ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ያን ዓመት መጋቢት ላይ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሳ ወደ ኤፕሪል ተገፍተው ነበር፤ ጃፓኖቹም እንደኔ አንጠልጥሎ መጠበቅን ቀምሰዋታል። ርዕሱንና ሥዕሉን ስታዩት የሕፃን ነገር ይመስላችኋል። እኔም መስሎኝ ነው። ሦስተኛው ክፍል ላይ ደነገጥኩ፣ ዘጠነኛው ላይ ከታክሲ መውረጃዬን አለፍኩ፣ የመጨረሻው ላይ ደግሞ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከቦርሳቸው ሶፍት አወጡና «አይዞሽ ልጄ፣ ማን አርፎብሽ ነው?» አሉኝ። የካርቱን ሰው ነው ማለት አቃተኝ። «ዘመድ» አልኩ። እስከ ሳሪስ ድረስ ሲያጽናኑኝ ሄዱ፣ ስለ ሟች ዕድሜም ጠየቁኝ። 14 ስላቸው ደረታቸውን መቱ። አሁንም ድረስ ይሰቀጥጠኛል፣ ሰው ሳይሞት ማጽናናት አስወጣኋቸው። ግን ይኸው ነው፣ በ12 ክፍል መነሻም መድረሻም ነበረው። «ካውቦይ ቢቦፕ»ም እንደዚሁ፣ 1998 ላይ የጀመረ፣ 26 ክፍል፣ ኦሪጂናል። ስታዩት የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ የት እንደሚያቆም አስቦበታል ትላላችሁ።

አሁን ወደ ተወሰደው እንምጣ። እዚህ ላይ ችግሩ ሁለት መልክ አለው፣ ወይ ያጥራል ወይ ይንዛዛል።

የሚንዛዛው የድሮው ነው። በየሳምንቱ የሚወጣ ማንጋ አንድ ምዕራፉ 20 ገጽ አካባቢ ነው፣ አንድ የአኒሜ ክፍል ደግሞ ሁለት ምዕራፍ በቀላሉ ይውጣል። ሁለቱም በየሳምንቱ ከወጡ አኒሜው ማንጋውን ደርሶ ይቆምበታል። ደራሲው ገና አልጻፈማ! ያኔ ምን ይደረጋል? እንግዳ ሲበዛ ወጡ ላይ ውሃ ጨመር ይደረጋል። ፊለር የሚባለው እሱ ነው፣ ማንጋው ላይ የሌለ፣ ጊዜ ለመግፋት የተፈጠረ ታሪክ። «ናሩቶ» የመጀመሪያው ከ136ኛው ክፍል ወዲያ ከሞላ ጎደል ፊለር ነው። ከ220 ውስጥ ሰማንያ ምናምን ማለት ነው! ታናሽ ወንድሜ አሁን እዚያ ውስጥ ገብቷል። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ፈተና አለበት፣ እሱ ግን ማንጋው ላይ የሌለ ታሪክ ያያል። «ዝለለው፣ ወደ ሺፑደን እለፍ» እለዋለሁ። «አንድ ነገር ቢያመልጠኝስ?» ይለኛል። የሚያመልጠው ነገር ቢኖር ኬሚስትሪ ነው።

የሚያጥረው የአሁኑ ነው። አሁን እንደ ድሮው ዓመቱን ሙሉ ከማንዛዛት አንድ ኩር ሠርቶ ማቆም ነው ፋሽኑ። ለሥራው ጥራት ይሄ ይሻላል፣ አልክድም፣ ሥዕሉም ያምራል። ግን ሁለተኛው ሲዝን ይመጣል አይመጣም የሚወስነው ገንዘቡ ነው። አንድ አኒሜ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ብቻውን የሚከፍል ድርጅት የለም፤ አሳታሚው፣ ጣቢያው፣ የሙዚቃ ኩባንያው፣ አሻንጉሊት የሚሸጠው ሁሉ ተጠራርተው እንደ ዕቁብ ያዋጣሉ። አሳታሚው የሚያዋጣው መጽሐፉ እንዲሸጥለት ነው። 12 ክፍል ታያለህ፣ ልብህ ይንጠለጠላል፣ ቶክዮ ከሆንክ ከባቡር ስትወርድ መጽሐፍ ቤት ገብተህ ቀጣዩን ቅጽ ትገዛለህ። ለእነሱ ያ ግማሽ ታሪክ ሙሉ ሥራውን ሠርቷል። ቱሉ ዲምቱ ላይ ቁጭ ያልኩት እኔ ግን ምን ልግዛ? ለገሃርም አራት ኪሎም መጽሐፍ የሚያዞሩትን ልጆች ጠይቄ አውቃለሁ። አንዱ «ማንጎ?» አለኝ፣ እግዜር ይስጠው፣ ጭማቂ ቤት ጠቆመኝ። ማስታወቂያው እኛ ጋ ይደርሳል፣ ዕቃው አይደርስም። ሁለተኛ ሲዝን መጠበቅማ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

«ፊልም ከሚጭን ቤት መቅዳትሽ ራሱ መቼ ልክ ሆነ» ልትሉኝ ትችላላችሁ። ትክክል ናችሁ። ዶላር ያለው ካርድ አምጡልኝና በሕጉ እከፍላለሁ።

ስለ ጫኙ ልጅ ካነሳሁ አይቀር አንድ የደረሰብኝን ልጨምር። ብሎካችን ሥር ካሉት ሱቆች አንዷ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ በአንድ ጎን ቻርጀርና ጆሮ ማዳመጫ ይሸጣል፣ በሌላው ፍላሽ ይጭናል። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ፎልደር አለው፣ «ያለቀ» እና «ያላለቀ»። ሰው ሁሉ መጥቶ «ካለቀው ጫንልኝ» ነው የሚለው፣ መንጠልጠል የሚወድ የለም። እኔም እንደዚያው ብዬ «ፉልሜታል አልኬሚስት» ጫነልኝ። ሲዝን አንድ 51 ክፍል፣ ሲዝን ሁለት 64 ክፍል። 51ዱን በሁለት ሳምንት ከምናምን ጨረስኩ፣ ጨርሼም አዘንኩ፣ ከዚያ ሲዝን ሁለትን ከፈትኩ። የሞቱት ሰዎች ቁጭ ብለው እራት ይበላሉ! መጀመሪያ ትዝታ መሰለኝ። ሁለተኛው ክፍል ላይም አሉ። አራተኛው ላይ ያለቀስኩበት ነገር እንደገና ሲመጣ ፍላሼን ይዤ ሱቁ ሄድኩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ማንጋው 2001 ላይ ነው የተጀመረው። አኒሜው 2003 ላይ ሲጀምር ታሪኩ ገና አላለቀም ነበርና መሃል ላይ የራሱን መንገድ ይዞ የራሱን መጨረሻ ፈጠረ። ማንጋው 2010 ላይ ነው ያለቀው። 2009 ላይ ደግሞ ሌላ አኒሜ ከሀ ተጀምሮ ማንጋውን እየተከተለ ከእሱ ጋር አብሮ ደረሰ፣ እሱ ነው 64ቱ። ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፣ የአንድ መጽሐፍ ሁለት ልጆች። ጫኙ ልጅ ታላቅና ታናሽ አድርጎ ቀጥሎአቸዋል። ብነግረው «ሁለቱም ግን አልቀዋል አይደል?» አለኝ። ምን እላለሁ? አልቀዋል።

«ዲመን ስሌየር» ላይም እንዲሁ ሠርቶኛል። 26 ክፍል አይቼ ሁለተኛውን ስጀምር መሃል ላይ የሆነ ትልቅ ነገር ያለፈኝ ይመስለኛል፣ ሰዎቹ ያለቅሳሉ፣ እኔ ለምን እንደሚያለቅሱ አላውቅም። ለካ በመሃል 2020 ላይ ሲኒማ የገባ ፊልም አለ፣ ባቡር ላይ የሚሆነው። በኋላ በሰባት ክፍል ከፋፍለው ለቴሌቪዥን አድርገውታል፣ ግን የልጁ ፎልደር ውስጥ ፊልሙም ሰባቱም አልነበሩም። መደምደሚያውም በፊልም ነው የሚወጣው፣ የመጀመሪያው 2025 ላይ ወጥቷል። ለእንዲህ ዓይነቱ «26 ክፍል» ብሎ መጻፍ ምን ይጠቅማል?

«አታክ ኦን ታይታን»ን ሳልጠቅስ ብቀር ወንድሜ ይቀየመኛል። 2013 ላይ በ25 ክፍል ጀመረ። 2020 መጨረሻ ላይ «የመጨረሻው ሲዝን» ብለው አመጡ። የመጨረሻው ሲዝን 16 ክፍል ታየና ቆመ። ከዚያ የመጨረሻው ሲዝን ሁለተኛ ዙር፣ ሌላ 12 ክፍል። ከዚያ 2023 ላይ ሌላ ሁለት ረዣዥም ክፍል፣ እሱም በማርችና በኖቬምበር ተከፍሎ። የኛን እናቶች ስንብት አያችሁት? «በሉ ደህና እደሩ» ብለው ከሶፋ ይነሳሉ፣ በር ላይ ግማሽ ሰዓት፣ ደረጃው ላይ ሃያ ደቂቃ፣ ግቢው በር ጋ ደግሞ ዋናው ወሬ። ልክ እንደዚያ ነው የተሰናበቱን። ግን ተሰናበቱ። ማንጋው 2021 ላይ በ34 ቅጽ ስላለቀ አኒሜውም የሚደርስበት ነበረው።

እና እኔ የተወሰደ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። መጽሐፉ ቀድሞ ካለቀ ሌላ ነገር ነው። «ዴዝ ኖት» ማንጋው 2006 ግንቦት ላይ አለቀ፣ አኒሜው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ጀመረ፣ 37 ክፍል፣ ጨረሰ። ውሃ የለውም፣ እጅጌም አልቀረም። (የመጨረሻዎቹ አሥር ክፍሎች ቸኩለዋል፣ ግን ይሁን።) እኛስ ብንሆን ይሄን መች አጣነው? ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ጽፈው ጨርሰዋል። እናቴ ስታወራ ሰው ለቀጣዩ ሳምንት የሚንቆራጠጠው እንዴት ይሆን እያለ እንጂ ይቀጥላል ወይ እያለ አልነበረም። ሁለቱ ጭንቀቶች በጣም ይለያያሉ። የመጀመሪያው ይጣፍጣል።

ኦሪጂናልም ቢሆን ዋስትና የለውም፣ ይሄንንም ልናገር። የመጀመሪያው «ጋንዳም» 1979 ላይ 52 ክፍል ተብሎ ነበር የታሰበው፣ ተመልካች ሲያንስ 43 ላይ አሳጠሩት። «ኢቫንጌሊየን» 26 ክፍል ነው፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ያየ ሰው ግን ጭንቅላቱን ይዞ ይቀራል፤ 1997 ላይ በፊልም ሌላ መጨረሻ ሠሩለት፣ እሱን ያየም ጭንቅላቱን ይዞ ነው የቀረው። «ኮድ ጊያስ»ም ኦሪጂናል ሆኖ 25ኛው ክፍል ላይ ሽጉጥ አስደግኖ ነው ሰውን የበተነው። ደግነቱ ቀሪው 25 መጣ።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ሌላ ጊዜ ስትጠቁሙን ከቁጥሩ ጎን አንድ መስመር ጨምሩ። ኦሪጂናል ነው ወይስ ከማንጋ? ከማንጋ ከሆነ፣ አኒሜው ሲሠራ ማንጋው አልቆ ነበር? አሁን የት ደርሷል፣ በመሃል ፊልም አለው? ማስታወቂያ ከምትደርቡበት ቦታ ላይ አንዲት መስመር ብትነሳ ጋዜጣው አይጎዳም። አርታዒው «ይሄ ሁሉ ለካርቱን?» ካሉ ከእኛ ሰፈር ጠዋት አንድ ቀን ተሰልፈው ይምጡ።

የናንተን ዝርዝር ደግሞ ቆርጬ ለጫኙ ልጅ ሰጥቼዋለሁ። ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ አጣራው፣ ያን ቀን ደንበኛም አልነበረውም፣ መብራትም ነበር። አሁን ሦስተኛ ፎልደር ከፍቷል። ስሙ «አለቀ ግን አላለቀም» ነው። ከስድስቱ አርእስቶቻችሁ አራቱን እዚያ ውስጥ አግኝቻቸዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከቱሉ ዲምቱ